የሞቀው ግድግዳ

የመብራት ቢሉ በበሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ ልብስ ሰፊዋ እስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ የአንድ አስተናጋጅ ኮት እጀታ ላይ ተጎንብሳ ነበር። ተነስታ አነሳችው፤ አየችው። እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትራሳቸው ላይ ሰካችና እንደገና አየችው። እንኳንም አወጣቻቸው። ቁጥሩን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነበው የነከሰችውን ሁሉ ትውጠው ነበር።

ኧረ ለመሆኑ ሰው አንዲት ክፍልና አንዲት ጓዳ ይዞ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ማንኮራፋት የሚወድ ፍሪጅ ይዞ፣ እንዲህ ያለ ቢል ከየት ያመጣል? ዳቦ ቤት ከፍታለች? ብረት ታቀልጣለች? በብርዱ ወራት የመጣው ቢል እኮ ከምንም የማይቆጠር ነበር፤ ያኔ ደስ ብሏት ለራሷ አዲስ መቀስ ገዝታለች።

ደግሞ ይህ የደረሰው በማን ላይ ሆነና! በዚያ ደረጃ ላይ በቁጠባ የምትታወቅ እሷ ነበረች። የታችኛው ፎቅ ባልና ሚስት በመብራት ቢል በተጨቃጨቁ ቁጥር ባልየው፣ «ያቺን ልብስ ሰፊ አታዪያትም? ቀኑን ሙሉ ካውያ እያጋለች ካንቺ ያነሰ ትከፍላለች» ይላል። እሷም ይህ ወሬ ሲደርሳት ቅር አይላትም። ቢሏ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሄዱን የእጇ ብልሃት አድርጋ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታስረዳ ነበር፤ ካውያውን አንዴ አግለሽ ብዙ ተኩሺበት፣ አምፖሉን ወደ መኪናው ዝቅ አድርጊው፣ እንዲህ እንዲህ እያለች።

አሁን ግን ብልሃቱ ሁሉ ውኃ በላው። የያዘችው ሥራ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ዩኒፎርም ነው። ቢሉን ከከፈለች ለገበርና ለክር የሚተርፋት የለም። ካልከፈለች ደግሞ መብራቱ ይቆረጣል፤ ካውያውም መኪናውም ብረት ሆነው ይቀራሉ፤ ሥራው ለሌላ ይሰጥና እሷ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላለች።

መጀመሪያ ፍሪጁን ጠረጠረችው። ነቀለችው፤ ወተቷ ተበላሸ። ቀጥሎ ካውያውን ጠረጠረች፤ ገመዱን እንደ እባብ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ለጠጋኝ ወሰደችው፤ ጠጋኙ «ካንቺም ከኔም ይሻላል» ብሎ መለሰላት። አምፖሏን ቀየረች። ሶኬት እየነቀለች ትወጣለች፣ እየነቀለች ትገባለች። ነገር ግን ወርዳ ደረጃው ሥር ባለው የቆጣሪ ሳጥን የሷ ቁጥር የተጻፈበትን በከፈተችው ቁጥር፣ ያቺ ቆጣሪው ላይ ያለች ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም እያለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ትሮጣለች።

ግድግዳውን ያስተዋለችው በዚያ ሰሞን ነው። መኪናዋ የተቀመጠችው ከጎረቤት በሚያዋስናት ግድግዳ ጥግ ነው። ያ ግድግዳ ለዓመታት ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብር ስለነበር ከጀርባዋ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅላ ነበር የምትሠራው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ስታስገባ ደገፍ ብትል ብርድ ልብሱ ሞቋታል። ገልጣ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ይሞቃል! እንደ ሰው ጀርባ ለብ ብሏል። እጇን ሳታነሳ እንደቆመች ከግድግዳው ወዲያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። ማጥፊያ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ።

እጇን እሳት እንደነካው ሰው መነጨቀች። ምክንያቱም ከግድግዳው ወዲያ ማንም የለም። የነበሩት እትዬ ናቸው፤ እትዬ ደግሞ ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ቤት ተቀምጠው የሰው ወሬ ለሰው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ነበሩ። ጆሯቸው ጉድ ነበር፤ የደረጃውን ሰው ሁሉ በኮቴው ይለዩታል። ድሮ ሁለቱ በር ሳያንኳኩ የሚገባቡ ወዳጆች ነበሩ። እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ቁልፍ ሲተክሉላት ይውላሉ፤ እሷም ለግራጫው ካፖርታቸው ወፍራም ገበር አግብታላቸዋለች፤ ዋጋ ሲጠይቋት «እንዳልቀየምዎት» ብላ።

ኋላ የመብራት ሠራተኞች መጡ። የድሮዎቹን ቆጣሪዎች ነቅለው እነዚህን ቀይ መብራት የሚያበሩትን ገጠሙና ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ እትዬ በሚመጣላቸው ቢል ይነጫነጩ ጀመር። «አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ይዤ! ማንን ላበራለት ነው?» ይላሉ። ምድጃውን ተዉ። ማሞቂያውን ተዉ። ቢሉ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የወንበር ትራሳቸውን ይዘው ይወርዱና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ያችን ቀይ መብራት ሲያዩ ይውሉ ጀመር። አላፊ አግዳሚው እየዘለላቸው ያልፋል።

አንድ ቀን ወጥተው በሯ ላይ ቆሙ። «ካውያሽን ስትሰኪ የኔ ቆጣሪ ይሮጣል» አሏት። «ስትነቅዪ ቀስ ይላል። መብራቴን እየሰረቅሽኝ ነው።»

ሌባ! በሰው ፊት! የደረጃው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ እየሰማ! ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ኤሌክትሪሺያን በራሷ ወጪ አስጠራች። ሰውየው ግድግዳውን አንኳኳ፣ ሶኬቱን ፈታ፣ ጣሪያው ድረስ ወጣ፤ ከእትዬ ቤት ተጠልፎ የመጣ አንድም ሽቦ አጣ። ሁሉም የሚፈልገው የተጠለፈ ሽቦ ነበር፤ ሽቦ ከሌለ ስርቆት የለም። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ሳጥኑ አወረዳቸውና የሷ ቁጥር የተጻፈበትን ቆጣሪ አሳያቸው። ከደረጃው ሁሉ ትንሹን የቆጠረ እሱ ነበር። «እቺ ሴትዮ መብራት ከሰረቀች የት ደበቀችው? ኪሷ ውስጥ?» አለ። ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። እትዬ ብቻ አልሳቁም። ካፖርታቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ወደ ላይ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ካውያው በጋለ ቁጥር ግድግዳው በቡጢ ይደበደባል። «አጥፊው!» የስልክ ቤት ድምፃቸው፣ ጥርት ያለ። «አጥፊው!» የደረጃው ሰው በሌሉበት «እትዬ አጥፊው» አላቸው። እሷም ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር የመኪናዋን ፔዳል ባሰ ትረግጠው ነበር፤ እልህ ነው። አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ እጀታዋን ይዘው፣ «ሞቼም ቢሆን እጠይቅሻለሁ» አሏት። ክንዷን አስለቀቀች።

ባለፈው የብርድ ወራት እትዬ ቤት መብራት ሲበራ ያየ የለም። ልብስ ሰፊዋ ማታ ማታ የምትሰማው የማጥፊያውን ቀጭታ ነበር፤ ቀጥሎ ሳል። ከዚያ ሳሉ ብቻ ቀረ። ከዚያ እሱም ቀረ። ሳንባቸውን ብርድ መታቸው ተባለ። በተቀበሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷ ቤቷ ሆና ኮሌታ ትተኩስ ነበር። ግድግዳውን የደበደበ አልነበረም።

እና አሁን ግድግዳው ሞቀ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ የቤቷን ዋና ማጥፊያ ቁልቁል ጣለችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፍሪጁ እንኳ ማንኮራፋቱን ተወ። ወርዳ ዘበኛውን ከወንበሩ አስነስታ የቆጣሪ ሳጥኑን ከፈተች።

የሷ ቆጣሪ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ይሮጣል።

«ቤትሽ በርቷል» አለ ዘበኛው።

«ጋሼ፣ ቤቴ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር የለም። ዋናውን ጥዬው ነው የመጣሁ።»

ዘበኛው ወደ ቆጣሪው አየ፣ ወደሷ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሳቸው ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ናቸው እሳቸው?»

«እትዬ ናቸዋ። እዚህ ተቀምጠው ‹አንድ ቀን ታገኘዋለች› ይሉኝ ነበር።»

«አንተ ደግሞ! የሞተ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ዘበኛው። «ይበርዳቸው ይሆናላ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ወደ ላይ ወጣች። በራሷ በር ፋንታ የእትዬ በር ፊት ራሷን አገኘችው። እግሯ ነው የወሰዳት። ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። ከውስጥ የጋለ አቧራ ይሸታል። ቀጭ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳለ።

በሩ ተከፈተ። የእትዬ ግንባር፣ የእትዬ አገጭ፣ የእትዬ ዓይን ከጨለማው ውስጥ አፈጠጠባት። ልብስ ሰፊዋ የጮኸችው ጩኸት ታች ድረስ ተሰማ፤ ዘበኛው በኋላ ሲያወራው ሳጥኑን ጥሎ ውጭ እንደወጣ አልደበቀም።

«ኧረ እኔ ነኝ! እህቴ፣ እኔ ነኝ!» አለች የከፈተችው። የእትዬ ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። የአዳር ተረኛ ሆና ማለዳ ስትወጣ ነው ወደዚህ የምትመጣው፣ ዘበኛው ወንበሩ ላይ ሳይነቃ፤ ከጃኬቷ ሥር ነጩ ጋውን ይታያል። «ምን ሆነሽ ነው? ውኃ ላምጣልሽ?»

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በምስማር ላይ ግራጫው ካፖርት ተሰቅሏል። ከዚያ ውጪ ያለው ሁለት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ዞሮ። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ሰው ወገብ ድረስ ቀለሙ ተልጦ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል።

«ላከራየው አስቤ ነበር፤ ያየው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ እየሸሸ ሄደ» አለች ነርሷ አፍራ። «እማዬ ስንት ዓመት ሙሉ ማሞቂያ ሳታበራበት ግድግዳው ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ… እስኪደርቅ ብዬ ቀንና ሌሊት ለቅቄባቸዋለሁ። ሲግሉ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ሲቀዘቅዙ ራሳቸው ይበራሉ።» ይህን ስትል አንዱ ማሞቂያ ቀጭ ብሎ አረጋገጠላት።

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ትንፋሽ ሁሉ ለቀቀችው። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ የማይቆም፣ እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ። ግድግዳውን፣ ቢሉን፣ ዘበኛውን ሁሉ ነገረቻት። ነርሷ የዋዛ አይደለችም፤ ወዲያው ወደ ማጥፊያው ሄዳ የቤቱን ዋና ጣለችው፤ ልብስ ሰፊዋ ወደ ደረጃው ወጥታ «ጋሼ! የኔን ቆጣሪ እይልኝ!» ብላ ተጣራች።

ዘበኛው ካለበት ተመለሰና፣ «ቆመ! ምንም አይል!» ብሎ መለሰ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ነርሷ። «የኛ ቤት ነዋ ባንቺ ላይ ሲቆጥር የከረመው! ሽቦውን አሳስተው ነው የገጠሙት።» ቦርሳዋን ከፈተች። «በይ ቢሉን አምጪው፣ እኔ ነኝ የምከፍለው። እምቢ እንዳትዪኝ።»

ተመስገን! ልብስ ሰፊዋ ከትከሻዋ ላይ ድንጋይ ሲወርድላት ተሰማት። መብራት አይቆረጥም፤ ዩኒፎርሙ ያልቃል፤ መንፈስም የለም፤ ያለው ማሞቂያ ነው።

ነርሷ ግን ቦርሳውን እንደከፈተች ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እማዬን ይቅር በያት። በሰው ፊት ሌባ ብላ አዋርዳሻለች። ደህና አልነበረችም። እኔ ነኝ ሐኪም ጋ የወሰድኳት። ካውያሽ መብራቷን እንደሚጠጣባት ስትነግረው ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላት። እየደነዘዘች ትውላለች። እስከ መጨረሻው ድረስ ‹ልጄ፣ አላበድኩም› ስትለኝ፣ ‹እሺ እማዬ› እያልኩ በእጄ ነው ኪኒኑን ያስዋጥኳት።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደግሞ ያ ቢሏ! ይግረምሽ፤ ቤቱ ባዶ ሆኖም፣ ሁለት ማሞቂያ እየነደደበትም፣ ያው እንደ ድሮው ነው የሚመጣው። አይቀንስ፣ አይጨምር።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

አይቀንስም፣ አይጨምርም። አዎ፣ ለምን ይጨምራል? የእትዬ ማሞቂያ የሚቆጠረው በሷ ላይ ከሆነ፣ የሷ ካውያ በማን ላይ ሲቆጠር ኖረ? ያ የምትኮራበት ትንሽ ቢል፣ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ የመጣው፣ የማን ቁጠባ ነበር? እትዬ ምድጃቸውን ሲተዉ ለሷ ቀነሰላት። ማሞቂያቸውን ሲተዉ ቀነሰላት። አምፖላቸውን አጥፍተው ጨለማ ውስጥ ሲስሉ ያ ምንም የማይባል ቢል መጣላት፤ መቀስ ገዛችበት። የደረጃው ሰዎች የተጠለፈ ሽቦ የለም ብለው የሳቁ ጊዜ እውነታቸውን ነበር። ሁለቱ ቆጣሪዎች ቦታ ተለዋውጠው ነበር እንጂ ማንም ምንም አልጠለፈም። እትዬ ብቻ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ በዓይናቸው ያዩትን ተናገሩ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«አመመሽ እንዴ?» አለች ነርሷ።

ልብስ ሰፊዋ ዝም ማለት ትችላለች። ኤሌክትሪሺያን ይመጣል፣ ሁለቱን ሽቦ ያቀያይራል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ነርሷ ያልገባት አሁን አዳሩ ስላደከማት ነው፤ ካልነገሯት ላይገባትም ይችላል። ቢነገራትስ ምን ይጠቅማታል? ያስዋጠችውን ኪኒን አታስመልሰው! የሞተ ሰው አይመለስ! ለሕያዋኑ ማዘን አይሻልም?

እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ ስትሟገት ዓይኗ ካፖርቱ ላይ አረፈ። ክርኑ አልቋል። ጫፉ ተገልብጦ ገበሩ ይታያል፤ እሷ ያገባችው ገበር፣ ስፌቱ አንድም ቦታ ሳይፈታ። ማሞቂያውን ቢተዉ እሱን ለብሰው ነበር የተኙት። ለማን ነው የማዝነው? አለች በልቧ። ለራሴ ነው። እኔን ሌባ እንዳይሉኝ ነው፤ እሳቸው ለዘላለም እብድ እንደተባሉ ይቅሩልኝ ብዬ ነው።

ተነሳች።

«እህት ዓለም፣ ቦርሳሽን ዝጊ» አለች። «ዋናውን እንደጠፋ ተይው። ወደ ታች ውረጂና ቆጣሪውን እዪልኝ።»

«ያንቺን?»

«የኔን አይደለም። የእናትሽን።»

ነርሷ ግራ እየተጋባች ወረደች። ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታ በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። ካውያውን ከመደርደሪያው አወረደች። «ምን ይላል?» ብላ ተጣራች።

«ጸጥ ብሏል! ቤቱን አጥፍተነው የለ!»

ዋናውን ማጥፊያ ወደ ላይ መለሰችው። ካውያውን ሰካች።

«ኧረ!» አለች ነርሷ ከታች፣ ሳቅ ባለው ድምፅ። «ተነሳ! እየሮጠ ነው እኮ! ያለ ሰው፣ ያለ መብራት የእማዬ ቆጣሪ…»

ሳቁ ቆመ።

ካውያው መጋል ሲጀምር የምታውቀው ሽታ መጣ፤ የብረትና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። ልብስ ሰፊዋ ገመዱን እንደያዘች ጠበቀች። እንዲገባት ጊዜ ሰጠቻት። የእናትየውን ነገር እሷ ራሷ ለመስማት ዓመታት ፈጅቶባታል።

ከዚያ ከታች፣ ከዚያ ደረጃ ላይ፣ ድምፁ መጣ። የልጅቷ ነው፤ ግን ጥርት ያለ፣ የስልክ ቤት ድምፅ፣ ከእናት የተወረሰ።

«አጥፊው!»

ዓመታት ሙሉ ይህን ስትሰማ ፔዳል ረግጣለች። አሁን ጎንበስ ብላ ካውያውን ነቀለችው።

«አጠፋሁት» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ። «አጠፋሁት፣ እትዬ።»